የሆያ ሆዬ አዲሱ ደጃፍ

ነሐሴ 12 ቀን አመሻሽ ላይ፣ ካፊያው ጋብ ሲል፣ መገናኛ ላይ ሁለት ዓይነት ጩኸት ይደባለቃል። አንዱ የዘወትሩ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች «ገርጂ! ኮተቤ! ሲኤምሲ! አያት!» እያሉ የሚጣሩት። ሌላው በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ነው። ከዋናው መንገድ ጀርባ ካሉት ቅያሶች «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የልጆች ሁካታ ይከተለዋል። ጅራፍ እየተሞከረ ነው። ከሾላ ገበያ የሚመለሱ እናቶች በአንድ እጃቸው ዱቄት፣ በሌላው የችቦ እስር ይዘው ታክሲ ይጋፋሉ። ረዳቱም ችቦውን ተቀብሎ ከወንበር ሥር ይሸጉጠዋል፤ ሒሳብ አይጨምርበትም።

በዚሁ ሳምንት አንድ ሌላ ነገርም አይቀርም፤ «ቡሄ ድሮ ቀረ» የሚለው ወግ። በታክሲ ውስጥ፣ በሬዲዮ፣ በየቢሮው የቡና ሰዓት ይነሳል። ከተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ሆያ ሆዬ ጨፍረዋል፤ ሙልሙል በጉያቸው ይዘው በጭቃ ሮጠዋል። ወጉ ገና ሳያልቅ ግን ማታውኑ የሆነ ልጅ የሆነ በር ያንኳኳል። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? የመጣውስ?

ከታቦር ተራራ እስከ ሾላ

የበዓሉን መነሻ ብዙ ሰው በግማሽ ያውቀዋል። ነሐሴ 13፣ የቡሄ ቀን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የደብረ ታቦር በዓል ነው። ወንጌሉ እንደሚተርከው ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ በፊታቸውም መልኩ እንደ ፀሐይ በራ፤ ሙሴና ኤልያስ ታዩ፤ ከደመናውም የአብ ድምፅ ተሰማ። ትውፊቱ በዚህ ላይ እረኞችን ይጨምራል። በአካባቢው ከብት ሲጠብቁ የነበሩ ልጆች ብርሃኑ አታሏቸው መምሸቱን ሳያውቁ ቀሩ። ወላጆቻቸው ተጨንቀው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ።

ችቦውም፣ ሙልሙሉም፣ የልጆቹ ጉዞም ከዚህ ይመዘዛል። የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል ይባላል። የክርስትና አባትና እናት ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል የሚልኩትም በዚሁ ቀን ነው።

ቀኑ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ብቻውን ይነግሣል። ሥጋና ቅቤ እስከ ነሐሴ 16 ድረስ ይጠብቃሉ። ልጆቹ በሰበሰቡት ገንዘብ ጠቦት የመግዛት ሐሳብ ቢኖራቸው እንኳ ጠቦቱ ጥቂት ቀን ሣር እየበላ መሰንበት አለበት።

በዓሉ የእረኞች ብቻ አይደለም፤ የተማሪዎችም ነው። በየገዳሙና በየአድባራቱ ጉባኤ ቤት የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች «ስለ ደብረ ታቦር» እያሉ ከየመንደሩ እህል ይለምናሉ፤ ጠላ ይጠምቃሉ፤ ዳቦ ይጋግራሉ፤ ምእመናኑን መልሰው ይጋብዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ከደጅ የሚቀበለው ልጅ በዚያች ቀን ጋባዥ ይሆናል። የሆያ ሆዬ ውስጡም ይኸው ነው፤ ልጅ የሰፈሩ ጌታ የሚሆንበት ማታ።

ጅራፉ ለምን ይጮሃል?

ጅራፍ እንደሚታየው ቀላል ነገር አይደለም። በገጠር ከቃጫ ወይም ከልጥ ይገመዳል። ከእጀታው በኩል ወፍሮ ይነሳና ወደ ጫፉ እኩል እየቀጠነ መሄድ አለበት። መሐል ላይ ድንገት ከሳሳ ይተኛል፤ እስከ ጫፉ ከወፈረም ይከብድና ዝም ይላል። ገማጁ አንዱን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ጠልፎ፣ ዘርፎቹን በመዳፉ እያሸ ያጠብቃቸዋል። መጨረሻው ላይ ቀጠን ያለ የቃጫ ቁራጭ ይታሰራል። የሚጮኸው እሱ ነው፤ ቶሎ ተበጣጥሶ የሚያልቀውም እሱ ስለሆነ ብልህ ልጅ ትርፍ በኪሱ ይይዛል። የከተማው ልጅ ቃጫ ሲያጣ የማዳበሪያ ጆንያ ይፈታል፤ እሱም ከጠፋ ሲባጎ ይገዛል።

ድምፁን ብዙ ሰው ጅራፉ መሬት ስለመታ የወጣ ይመስለዋል፤ አይደለም። ክንድ የሰጠው ኃይል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ የሚሸከመው ገመድ እየቀለለ ስለሚመጣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል። «ጧ» የሚለው አየሩ በዚያ ፍጥነት ሲሰበር ነው። ከድምፅ የሚፈጥን ጄት ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው። ያን ሁሉ ነገር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጭቃ ላይ ቆሞ በእጁ ሲሠራው ማየት ያስደንቃል።

«ጅራፍ ሲገምድ ያየ ልጅ ጅራፍ ይገምዳል፤ ያላየ ርችት ይገዛል።»

በምሥራቅ አዲስ አበባ ጅራፍ ገምዶ የሚያስጮህ ልጅ እየሳሳ መጥቷል። ቦታውን የያዘው በአብዛኛው ርችት ነው፤ በሽያጭ ይገኛል፤ ልምምድ አይፈልግም፤ ይፈነዳና ያበቃል። ወላጆች ይፈሩታል፤ ሕፃናትና አዛውንቶች ይደነግጡበታል። ጅራፉን የሚያውቁት ሰዎች ግን ሩቅ አይደሉም። በቦሌና በየካ አፓርታማዎች በር ላይ ዩኒፎርም ለብሰው ከሚቆሙት ጥበቃዎች ብዙዎቹ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ በልጅነታቸው እረኛ ነበሩ። ነሐሴ ሲገባ መንደር ከመንደር ጅራፍ ሲገጣጠም ያደጉ ናቸው። አመሻሽ ላይ የጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለግቢው ልጆች ሲባጎ የሚገምድ ጥበቃ ቢገኝ፣ ያ ሰው በዚያ ግቢ ያለ ደመወዝ የተቀጠረ መምህር ነው።

ደጃፍ እንደ መድረክ

ሆያ ሆዬ ቅርጹን የጠበቀ ትርኢት ነው። አንድ አውራጅ አለ፤ ተቀባዮች አሉ፤ ዱላ አለ። አውራጁ ስንኝ ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ በአጭሩ ያጅቡታል፤ ዱላው መሬቱን እየመታ ምቱን ይጠብቃል። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ሙገሳ ይመጣል፤ ከሙገሳው በኋላ ጥያቄው፤ ስጦታው ሲወጣ ደግሞ ረጅም ምርቃት። ቤቱ ዝም ካለ ልጆቹ የዋዛ ስድብ ያውቃሉ።

የሁሉ መሠረት ሙገሳው ነው። አውራጁ የባለቤቱን ስም፣ ሥራ፣ አንዳንዴም የመኪናውን ቀለም ማወቅና በቆመበት ቤት አስመትቶ መግጠም አለበት። ልብስ ሰፊ ከሆነ እጁን ያመሰግናል፤ ሾፌር ከሆነ መሪ አያያዙን፤ የእናትየውን ደግነት ከባለፈው ዓመት ሙልሙል ጋር ያያይዘዋል። በቅጽበት የሚገጥም ልጅ ሰፈር ውስጥ ዝናው ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ተመልካቹም ዝም ብሎ ተመልካች አይደለም። አባወራው መብራት አጥፍቶ የለሁም ይላል፤ ልጆቹ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ጥላውን አይተውታል፤ ምቱ ይፈጥናል፤ ዱላው ወደ ላሜራው በር ይጠጋል። መዘግየቱ ራሱ የጨዋታው ክፍል ነው። ሁለቱም ወገን በሩ እንደሚከፈት ያውቃሉ።

ከሁሉም በላይ የሚታመነው ልጅ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። እሱ ብዙ ጊዜ ዘፋኝ አይደለም።

ሰዎቹ የናፈቁት ምኑን ነው?

በሃያ ሁለት፣ በገርጂና በየካ ሚካኤል አካባቢ ያደጉ፣ ዛሬ ዕድሜያቸው በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ያሉ ሰዎች ስለ ቡሄ ሲያወሩ ገንዘቡን ብዙም አያነሱም። የሚያነሱት ጨለማውን ነው። የመንገድ መብራት እምብዛም ባልነበረበት ሰፈር በየደጁ የሚበራው ችቦ፣ በጭሱ መሐል የሚታየው የጓደኛ ፊት። ሌላው የሚያነሱት የየቤቱን ጠባይ ነው፤ የትኛዋ እትዬ ሙልሙል በሁለት በሁለት እንደምትሰጥ፣ የትኛው ጋሼ ውሻ እንደሚለቅ፣ የትኛው ቤት ሐዘን ላይ ስለሆነ ዝም ተብሎ እንደሚታለፍ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሰፈሩን ደስታና ሐዘን ቤት በቤት ያውቅ ነበር። ያንን ያስተማረው ቡሄ ነው።

ያ ሰፈር በአብዛኛው በነበረበት የለም። መገናኛን ቀለበት መንገዱ ቀየረው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ ሲዘረጋ እንደገና ቀየረው፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከአራት ኪሎ በቀበና፣ ከቦሌም በኩል መጥቶ መልኩን ከሥር ለወጠው። የቆርቆሮ አጥር የነበራቸው ቪላዎች ፎቅ፣ ቢሮና እንግዳ ማረፊያ ሆኑ። ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። በአንድ ወቅት አብረው የጨፈሩ ልጆች ዛሬ በከተማው አራቱ ማዕዘናት፣ አንዳንዶቹም ባሕር ማዶ ይኖራሉ።

የመንገዱ ስፋት፣ የእግረኛው ንጣፍ፣ የማታው ብርሃን ጥሩ ነገር ነው። ልጅ ይዞ በምሽት መራመድ ያልለመደ ከተማ ዛሬ ይራመዳል። ይሁን እንጂ የተወለወለ ንጣፍ ላይ ችቦ የሚያቀጣጥል የለም፤ በብርሃን በተጥለቀለቀ ጎዳና ላይም ችቦ ብርሃኑ አይታይም። የአፓርታማው በርም ሌላ በር ነው። መጀመሪያ ጥበቃ አለ፤ ቀጥሎ «የት ቤት?» የሚል ጥያቄ፤ ከዚያ ሊፍት። በቴሌፎን ተደውሎለት «ልጆች ሆያ ሆዬ ሊሉ መጥተዋል» የተባለ ሰው ለመደበቅም፣ ለመግደርደርም፣ ለመደሰትም ጊዜ አያገኝም።

ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሩ በአዋጅ ተዘግቶ ነበር። ኮሮና ገብቶ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ጭፈራው በያለበት ቀዘቀዘ። በዚያ ዓመት ሰባት ዓመት ሞልቶት ሊጀምር የነበረ ልጅ አንድ ዓመት ተዘለለ፤ ታላቆቹም አንድ ዓመት ሳያስተምሩት አደጉ።

ትርኢቱን ማን ያቆየው?

የሚጠፋ የመንገድ ጨዋታን በአጥር ውስጥ አስገብቶ ማቆየት በሌላው ዓለም የቆየ ብልሃት ነው። በስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ1891 የተከፈተው ስካንሰን የተባለ ገላጣ ሥፍራ ላይ ያለ ሙዚየም አሮጌ የገጠር ቤቶችን እየነቀለ አምጥቶ ከተማው መሐል ተከለ፤ የገጠሩን ጭፈራና ዓውደ ዓመትም አብሮ አመጣ። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው ሲልቨር ዶላር ሲቲ ደግሞ የድሮ ከተማ መስሎ የተሠራ መዝናኛ ነው፤ በጎዳናው ላይ ተዋንያን የሁለት ደመኛ ቤተሰቦችን ጠብ ለጎብኚ ይጫወቱ ነበር። በልጅነቱ ያንን ያየ ሰው ትርኢቱ ተመልሶ ሲመጣ ልጁን ይዞ መሄዱ አይቀርም። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው፤ መንገዱ ግን ለትርኢት የተሠራ ነው።

በእኛም አገር ዓውደ ዓመት ወደ መድረክ ወጥቷል። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስቱዲዮ ውስጥ ችቦ ያበራሉ፤ ሆቴሎችና የገበያ ማዕከሎች የጭፈራ ቡድን ይጠራሉ፤ ትምህርት ቤቶች ለክረምት ሳይዘጉ ቀደም ብለው ልጆችን የሀበሻ ልብስ አልብሰው ያስጨፍራሉ። የባህል ባለሙያዎች ይህን ይደግፋሉ፤ ዜማው አይጠፋም፣ ልጅ ቢያንስ ያየዋል ይላሉ። ልክ ናቸው። መስቀልና ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍሩ አገሩ የተሰማው ኩራትም ቀላል አልነበረም።

ሆኖም መስቀልና ጥምቀት አደባባይና ባሕረ ጥምቀት አላቸው። የቡሄ አደባባዩ ደጃፍ ነው። በመድረክ ላይ የቆመ አውራጅ ማንን ያሞግስ? ስሙን የማያውቀውን ስፖንሰር? በሩስ የሚከፈተው ከየት ነው? ዜማውን መድረክ ሊያተርፈው ይችላል፤ ጨዋታውን ግን የሚያተርፈው በሩን የሚከፍት ጎረቤት ብቻ ነው።

በዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የማያውቁትን ሰው በር ማንኳኳት ስለማይቻል ቡሄን ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወስደውታል፤ እናቶች ሙልሙል ጋግረው ይመጣሉ፤ ልጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ድብልቅ ይቀበላሉ። እዚያ የተወለዱት ልጆች በኦክቶበር መጨረሻ ጭምብል አድርገው ከረሜላ የሚሰበስቡበትን ሃሎዊን ስለሚያውቁ በዓሉን ለመረዳት አይቸገሩም። የሚከብዳቸው ከስጦታው በኋላ ቆሞ መመረቁ ነው።

ጎረምሶቹና ከበሮው

በቦሌ ሬስቶራንቶችና በመገናኛ ሱቆች ላይ ግን የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልጅ አይደለም። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ፣ ከበሮ የያዙ ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በሚኒባስ ይዞራሉ። ነጋዴዎች ያማርራሉ፤ በቀን አምስት ስድስት ቡድን ይመጣል፣ ካልሰጠን አንሄድም ይላሉ፣ ደንበኛ ይረበሻል። አንዳንዱ ግጥም ለቤተሰብ ጆሮ የማይሆን ነው። ይህን የታዘቡ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የበዓሉን ትርጉም የያዘ መንፈሳዊ ዝማሬ አዘጋጅተው ልጆችን ያሰማራሉ።

ወጣቶቹ የራሳቸው መልስ አላቸው። ክረምት ነው፣ የግንባታ ሥራ ቀዝቅዟል፤ ገንዘቡ ለዘመን መለወጫ በሬ መቃረጫ ይሆናል፤ አንዳንዱም ለታመመ የሰፈር ልጅ ወይም ለአቅመ ደካማ ቤት ጣራ ይውላል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ችግሩ እነሱ በሩን ሲይዙት ልጆቹ ከኋላ መቅረታቸው ነው። ለሦስተኛው የጎረምሳ ቡድን ከፍሎ የሰለቸ ሰው፣ አራት ትንንሽ ልጆች ዱላ ይዘው ሲመጡ «በቃኝ» ይላል። ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት እነሱ ነበሩ።

«አደባባዩን ለወጣቱ፣ ደጃፉን ለልጁ መተው ከባድ ስምምነት አይደለም።»

አራት ፎቅ ተመልካች

ጨዋታው ባልታሰበበት ቦታ ሲያገግም ይታያል። ከመገናኛ ብዙ በማይርቀው ገርጂ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቤቶች የከተማው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር የመጀመሪያ ሙከራ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሰሚት፣ በአያትና በየካ ከተተከሉት ብሎኮች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም፤ ደረጃቸው ክፍት ነው፤ በመሐላቸው የጋራ ግቢ አለ፤ በግ የሚታረድበት፣ ለቅሶ ድንኳን የሚጣልበት፣ ልብስ የሚሰጣበት።

ነሐሴ 12 ማታ ልጆቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። አውራጁ መሐል ይቆማል። ጅራፍ የያዘ ካለ አንዴ ሲያጮኸው ድምፁ ከአራቱም ግድግዳ ይመለሳል፤ በየበረንዳው ራስ ብቅ ይላል። የቪላ ደጃፍ አንድ ቤተሰብ ነበር የሚያስተናግደው፤ ይኼኛው አራት ፎቅ ሙሉ ተመልካች አለው። ከሦስተኛ ፎቅ ብር በወረቀት ተጠቅልሎ ይወረወራል፤ ትንንሾቹ እየተጋፉ ያነሳሉ። ከመሬት ቤት አንዲት እናት ሙልሙል በሰፌድ ይዛ ትወጣለች። ሙስሊም ጎረቤት ይሰጣል፤ ፕሮቴስታንት ጎረቤት ይሰጣል፤ ከተቀባዮቹም መሐል የሁሉም ልጅ አለ። ድሮ የወንዶች ብቻ በነበረው ጭፈራ ሴቶች ልጆችም እየገቡ ነው።

የጎደለው ስም ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ግማሹ ተከራይ ነው፤ አምና የነበረው ዘንድሮ የለም። አውራጁ ደረጃውን ሲወጣ የሚያሞግሰውን ሰው አያውቀውም፤ «ባለ አራተኛ ፎቁ» ብሎ ያልፋል። ጎበዝ ቡድን ግን አስቀድሞ አንድ ልጅ ወደ ሱቁና ወደ ጥበቃው ይልካል፤ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ምን እንደሚሠራ ያጣራል። ነርሷን፣ መካኒኩን፣ ትናንት ልጅ የወለደችውን። ያን የሚጠይቅ ልጅ በአንድ ማታ የግቢውን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰውም እሱን። ለዚህ ዋናው እገዛ የትልልቆቹ ነው። አንዳንድ ኮሚቴዎች ከበዓሉ ቀደም ብለው ጥበቃው የግቢውን ልጆች እንዳይከለክል ያሳውቃሉ፤ ከውጭ ለሚመጣ ቡድን ሰዓት ይወስናሉ፤ ዘርዘር ያለ ብር ይዞ መጠበቅን ለነዋሪው ያስታውሳሉ። በሞባይል መክፈል በለመደ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነሐሴ 13 ማታ ሒሳቡ የሚካፈለው ደረጃው ላይ ነው። ገንዘብ ያዡ ብሩን እያስተካከለ ይቆጥራል። አውራጁ በልጦ ይገባኛል ይላል፤ ድምፁ መዘጋቱንም በማስረጃነት ያቀርባል። ከብሎክ ሰባት መሐል ላይ ገብቶ የተቀላቀለው ልጅ ግማሽ ይሰጠው አይሰጠው በሚለው ላይ ክርክሩ ይከርራል፤ በመጨረሻ ግማሽ ይወሰንለታል። ሴቶቹ ልጆች ድርሻቸውን ተቀብለው ወደ ጎን ያወራሉ። የዘመን መለወጫ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል፤ የአበባየሆሽ ገንዘብ ለወንዶቹ እንደማይካፈል ከወዲሁ ተስማምተዋል።